ለፈተና የተቀመጠ ድምፅ

«ተቆልፏል አልሽ። ማነው የቆለፈው?» አሉ ኑላ።

«እኔ።»

«እንግዲያው ክፈቺው።»

ዴርቭላ መልስ ሳትሰጥ ሁለት ጎረቤት ሴቶች ገቡ። በተራ የኑላን እጅ፣ ቀጥሎም የእሷን ጨብጠው «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ። የሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆመው አማተቡና ሻይ ወደሚቀዳበት ወጥ ቤት አለፉ። አባቷ ኮናል በተከፈተው ሳጥን ውስጥ ሰማያዊ ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው ተኝተዋል። ነገ ጠዋት ክዳኑ ይገጠማል። ከዚያ በፊት እናቷ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የባላቸውን ድምፅ አንድ ጊዜ መስማት።

ሌላ ቤት ቢሆን ቀላል ጥያቄ ነው። ኮናል ግን በካንሰር ምክንያት ማንቁርታቸው ከወጣ ወዲህ ድምፅ አልነበራቸውም። ከዚያ በፊትም ቢሆን ስልክ ወደ እሳቸው የተደገነ እንደሆነ ከክፍሉ ውልቅ ይሉ ነበር። በወንድማቸው ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ላይ ጀርባቸው ይታያል፤ የሚሰማው ግን ዘፈኑ ነው። ወደ ደሴቱ የምትመላለሰውን ጀልባ ገመድ እየፈቱ፣ አርፍደው የሚሮጡትን በየስማቸው እየጠሩ የሚያሾፉበት ያ ድምፅ የተረፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ልጃቸው በሠራችው የድምፅ ስብስብ ውስጥ።

«እማ፣ ስንቴ ልንገርሽ» አለች ዴርቭላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ማሽኑ የኛን ቋንቋ ሰምቶ እንዲጽፍ የምናስተምረው በሰዎች ድምፅ ነው። ከሰዎቹ ጥቂቶቹን ግን ለይተን እናስቀምጣለን፤ ተምሮ ሲጨርስ በእነሱ እንፈትነዋለን። የተቀመጠውን ማንም አይሰማም። እኔም አልሰማሁትም። ዛሬ ለኔ ከተከፈተ ነገ ለሌላው ይከፈታል፤ ከዚያ ፈተና መሆኑ ቀረ። ቁልፉ ደግሞ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ደብሊን ባልደረባዬ ኦርላ ዘንድ ነው።»

«አባትሽን የፈተና ጥያቄ አደረግሽው።»

«በዕጣ ነው የወጣው።»

«ዕጣ» አሉ ኑላ። ወደ ባላቸው ዞሩና የሱፉን ደረት በመዳፋቸው አስተካከሉ። «ሰማህ? በዕጣ ነው የወጣኸው።»

ድምፁ የተቀዳው ከሕመሙ በፊት በነበረው በጋ፣ ከደብሩ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ፣ አንድ ወንበርና አንድ ማይክሮፎን ተቀምጦ። ዴርቭላ የገዛ መንደሯን ሰዎች ራሷ መቅዳት አልፈለገችም። እሷን ሲያዩ ይሽኮረመማሉ፤ ንግግራቸውን ያሳምራሉ፤ እንደ ልማዳቸው አያወሩም ብላ ሰጋች። ስለዚህ ከከተማ ሁለት ተማሪዎችን ላከች። ተማሪዎቹ በመንደሩ ማንንም አያውቁም፤ ማንም አያውቃቸውም። በሥራዋ ሁሉ ይህን ያህል የተጠነቀቀችበት ነገር አልነበረም።

ውጤቱ ሲወጣ ማሽኑ ከተቀመጡት ተናጋሪዎች የአንዱን ንግግር ከሞላ ጎደል ያለ ስሕተት ጽፎ ተገኘ። ያውም ወጣት ከተሜ አይደለም፤ ቃል እየዋጠ የሚያወራ የባሕር ዳር ሽማግሌ። በሌላ አገር ያሉ ባለሙያዎችም ማሽኖቻቸውን እሷ ባሠለጠነችበት ድምፅ እያሠለጠኑ በእሷ ፈተና ይመዝኑ ጀመር፤ ሁሉም ያን ሽማግሌ አጥርተው ሰሙት። በየስብሰባው ስለ እሱ ተናገረች። ስም የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ያኔ በደስታ ወደ ቤት መጥታ «አባዬ፣ ማሽኑ ከኛ ሁሉ ይልቅ የሚሰማው አንተን ነው» ብላቸዋለች። ኮናል ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ በዝምታ ሳቁ። ከዚያ አጥብቀው የሚጠሉትን፣ አንገት ላይ ሲደገን እንደ ንብ እየጮኸ የሚያናግረውን መሣሪያ ከኪሳቸው አወጡ። ጉሮሯቸው አጠገብ አድርሰውት በመስኮቱ ወደ ማዶ፣ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሂውዲ ቤት አዩ። ጥቂት ቆዩና መሣሪያውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ዴርቭላ ኩራት መስሏት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቄሱ መጥተው የመቁጠሪያው ጸሎት ደረሰ። ቄሱ ሲሄዱ ከአዳራሹ የተዋሱት ወንበሮች ወደ ሳጥኑ ተጠጉ፤ ሻይ በድጋሚ ዞረ፤ ሟቹ የሚታወስበት ጨዋታ ተጀመረ። በዚያ መንደር ሰው ሞቶ ሳይሳቅበት ከተቀበረ ዘመዶቹ ይቀየማሉ። አንዱ ኮናል የጳጳሱን ሻንጣ ባሕር ውስጥ የጣሉ ለት ያሉትን አወራ። ሌላዋ የተዋሱትን መሰላል ለራሱ ለባለቤቱ እንዴት አድርገው እንዳዋሱት አወራች።

«እኔም አለኝ» አሉ ሂውዲ። በግ የሚያረቡ፣ ሚስት ሳያገቡ ያረጁ፣ አፍንጫቸው ዓመቱን ሙሉ የተዘጋ ሰው ናቸው። «በኔና በኮናል መሐል ያለ ምስጢር ነው። ቅር የሚለው ከሆነ ይነሳና ይከልክለኝ።»

ሁሉም ወደ ሳጥኑ አይተው ፈገግ አሉ።

«እነዚያ ልጆች ድምፅ ሊቀዱ የመጡ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ሲመዘገብ እኔም ተመዘገብኩ። በኋላ ስሰማ ነገሩ ከወረቀት ማንበብ ነው ለካ።» ሂውዲ የሻይ ስኒያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «እኔ ማንበብ አልችልም። የኛንም፣ እንግሊዝኛውንም። ከሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ይኸው አሁን ሁላችሁም አወቃችሁ።»

ማንም አልሳቀም።

«‹ተወው፣ እኔ እሄድልሃለሁ› አለኝ። ኮቴንና ባርኔጣዬን አጥልቆ ሄደ። እንደኔ በአፍንጫው እያነበበ፣ እንደኔ በየመሐሉ እየሳለ። ልጅቷ አሳዘናትና ‹ጉንፋን ይዞዎታል እንዴ?› አለችው። ‹ከተወለድኩ ጀምሮ› አላት። በነጋታው በራሱ ልብስ፣ በራሱ ስም ተመልሶ ሲሄድ የሚቀዳው ሌላው ልጅ ነበር። ‹ትናንት የመጡት ጎረቤትዎ በጣም ያስቃሉ አሉ› አለው። ‹ሰው እንደዚያ ይላል፤ እኔ ግን አይታየኝም› አለ፣ ይሄ ውሻ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኑላ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሳቁ። ዴርቭላ ብቻ የሳንድዊች ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በሂውዲ ስም የተመዘገበው ድምፅ ማሽኑ ከተማረባቸው አንዱ ነበር። ማሽኑ አባቷን አስቀድሞ ሲያደምጥ ከርሞ ነው ለካ በእሳቸው የተፈተነው።

ሳህኑን አስቀምጣ ሂውዲን ወደ ውጭ ጠራቻቸው። የድንጋዩ አጥር አጠገብ ቆሙ፤ ከባሕሩ ንፋስ ይመጣል።

«ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉ ሂውዲ። «ማንበብ አለመቻሌ ነው?»

«አይደለም። ሂውዲ፣ ተማሪ የፈተናውን ጥያቄ አስቀድሞ ካየ ምን ይባላል?»

«ዕድለኛ።»

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። ከዚያ አስረዳቻቸው። ሂውዲ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሟት።

«ታዲያ ዝም በይ» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ሞቷል። እኔም ሩቅ አይደለሁም። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። የፈተናው ውጤት ትክክል ነው ብለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ።»

«አባትሽ ዝም ብሎ ኖሯል።»

«እሱ ዝም ያለው እርስዎን ላለማሳፈር ነው። እኔ ዝም ብል ለራሴ ነው የሚሆነው።»

ሂውዲ መሬት መሬቱን አዩ። «እዚያ እኔ የተባልኩት ሰውዬስ? እሱም ተቆልፎበታል?»

ዴርቭላ ይህን እስካሁን አላሰበችውም ነበር። ማሽኑ የሚማርበት ድምፅ አይቆለፍም። ለማንም ክፍት ነው፤ በየትኛውም አገር ያለ ሰው ያወርደዋል። በሂውዲ ቁጥር ሥር የአባቷ ድምፅ እስከ ዛሬ ሜዳ ላይ ነበር።

«በእርስዎ ስም ነው የተቀዳው» አለች። «እናቴ ብትሰማው ይፈቅዳሉ?»

«ስሙ የኔ ከሆነ እኔ ፈቅጃለሁ። ለሱ ደግሞ ገብተሽ ንገሪው።»

መጀመሪያ ለኦርላ ደወለች። ኦርላ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ነገ ቀብር አለብሽ። ከቀብር በኋላ አይሆንም?»

«ካዘገየሁት ምክንያት አላጣም። የአባቴና የሂውዲ ቁጥሮች ከስብስቡ ይውጡ። ፈተናው የተበላሸ መሆኑን ዛሬውኑ ጻፊ፤ ስሜን አድርጊበት።»

«ያ ሽማግሌ ይወድቃል እኮ፣ ዴርቭላ። ስንት ስብሰባ የተናገርሽለት።»

«ይወድቃል። ከድረ ገጹ ከማንሳትሽ በፊት ግን ትንሽ ታገሺኝ፤ አንድ ነገር ልውሰድ።»

መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ የራሷን መግቢያ ሳትጠቀም፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ሰው የሂውዲ የተባለውን ቅጂ ከድረ ገጹ ወደ ስልኳ አወረደች።

ስትገባ ሰው ገና አልተበተነም። ስልኩን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ፣ በእናቷና በአባቷ መሐል አስቀመጠችው።

«ሂውዲ ያሉት ነው፣ እማ። አባዬ እንደሳቸው እየሆነ ነው ዓረፍተ ነገሮቹን የሚያነበው፤ እንዳትከፊ።»

«አውቶቡሱ ከቀትር በፊት አይመጣም» አለ ስልኩ በአፍንጫው፤ ከዚያ ሳለ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሂውዲን እያዩ ፈገግ አሉ። ኑላ ግን ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። «ይሄ ሂውዲ ነው።»

«ታገሺ።»

«እህቴ ሁለት ቀይ ጃንጥላ ገዛች።» ሳል። «የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ዓሣ አይወድም።»

ዴርቭላ ሌሎች ድምፆችን ስታደምጥ የለመደችውን አሁንም አስተዋለች፤ ሰው ብዙ ሲያነብ ማስመሰል ይደክመዋል። መጀመሪያ ሳሉ ጠፋ። ቀጥሎ አፍንጫው ተከፈተ። ከዚያ ቃላቱ እየወፈሩ፣ መጨረሻቸው እየተዋጠ፣ ገመድ እየጎተተ የሚያወራ ሰው ንግግር ሆኑ።

«ድንቹ ገና አልበሰለም» አሉ ኮናል።

ኑላ የሳጥኑን ጠርዝ ያዙ። «ውይ» አሉ ቀስ ብለው። «መጣ።»

ኮናል ስለ ፖስታ ቤት፣ ስለ ጠፋ ውሻ፣ ስለ ሦስት ወንድማማቾች አነበቡ። ኑላ ለእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቁ፣ አንዳንዴም ይመልሱ ነበር። «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ ለፖስታ ቤቱ።

«በሩን ዝጉት፣ ብርድ እየገባ ነው» አሉ ኮናል።

የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም፤ ኮናል ካረፉ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነበር። ኑላ ተነሱ። በወንበሮቹ መሐል በቀስታ አልፈው ሄዱና ዘጉት።