መንገድ የገባችው አህያ

«መጣሁ» ብሎ ዲበኩሉ ከወንበሩ ተነሣ። እንደማይመለስ ግን ያውቃል።

ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን እየደባበሰ ከምክር ክፍሉ ወጣ፤ የሆስፒታሉን በር አልፎ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጠ። ኮፍያውን ረስቶ መውጣቱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት መኪና የነዳ ሰው ከአንዲት ስክሪብቶ ሸሸ ቢባል ማን ያምናል?

ሦስተኛ ቀጠሮው ነበር። ከአራት ወር በፊት ከዓለም ጤና ከተማ ቲማቲም ጭኖ ወደ አዳማ ሲመለስ፣ ቆቃ አጠገብ አይሱዙዋ ተገለበጠች። እሱ ጭረት እንኳ አልነካውም፤ አብሮት የነበረው የሚስቱ ወንድም አብተው ግን እግሩ ተሰበረ። ለትራፊክ ፖሊሱ «አህያ ገብታብኝ ነው» አለ፤ ተጻፈ፤ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ መሪ ሲጨብጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። አይሱዙዋ ተጠግና ግቢ ውስጥ ቆማለች። ሚስቱ የሺዓለም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ብላ ገፍታ ላከችው።

አማካሪዋ ሃዊ ደግ ልጅ ናት፤ አትቸኩል፣ አትቆጣ። ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ስክሪብቶዋ ይሮጣል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሲጻፍማ የባሰ ነው።

«ጋሽ ዲበኩሉ፣ ኮፍያዎን።»

ቀና ሲል ሃዊ ቆማለች። አፈረ። «ልጄ፣ ስልኩ እኮ...»

«ስልክዎ አልጮኸም» አለች እየሳቀች፤ ፊት ለፊቱም ተቀመጠች። «ሌሎችም እንዲህ ይቀሩብኛል። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ምን አጠፋሁ?»

እንዲህ ብላ ስትጠይቀው አንጀቱን በላችው።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያ ስክሪብቶሽ ነው። እኔ ስናገር የሚጽፍ ሰው የማውቀው ትራፊክ ብቻ ነው። ጽፎ ጽፎ ‹በል ፈርም› ይልሻል። ከፈረምሽ በኋላ ያንኑ ቃል ይዞ መኖር ነው።»

«ከእኔና ከእርስዎ አያልፍም ብዬ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረሽኛል። ሆዴ ግን አልሰማም።»

«እኔ ደግሞ ስጽፍ በደንብ ያዳመጥኩዎት ይመስለኝ ነበር» አለች ሃዊ። «ሃያ ደቂቃ ይቀረናል። ካልተመቸዎት ስንብታችን እንኳ በወግ ይሁን።»

ዲበኩሉ አሰበ። ቤት ቢሄድ እራት ላይ አብተው አለ። እያነከሰ ይመጣና ያቺን አህያ ይራገማታል፤ እንግዳ በተገኘ ቁጥር ወሬዋን ያሳምርላታል። መጀመሪያ ግራጫ ነበረች፣ አሁን አርግዛለች። ሰው ሁሉ ሲስቅ ዲበኩሉ ከገበታው ይነሣል። አብተው አንድ ቀን እንኳ እሱን ወቅሶት አያውቅም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበው።

የሻዩን ከፍሎ ተከተላት።

ክፍሉ ሲገቡ ሃዊ ደብተሩን ዘጋችና ከነስክሪብቶው ወደ እሱ ገፋችው። «እርስዎ ጋ ይሁን። የሚጻፍ ካለ እርስዎ ይጽፉታል።»

ዲበኩሉ ኮፍያውን አውልቆ ደብተሩን ከደነበት። ውጭ ባጃጆች ይጯጯሃሉ። ሃዊ እጆቿን አጣጥፋ ዐይን ዐይኑን ታየዋለች።

«አህያ አልነበረችም» አለ።

ሃዊ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«እንቅልፍ ነው የጣለኝ። አብተው እሱም ተኝቶ ነበር፤ አህያዋን ያየው በእኔ አፍ ነው።»

እንባውን አልደበቀም። ደረቱ ግን ቀለለው፤ ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ። እጁን አየው፤ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ሰዓቱ ሲያልቅ ኮፍያውን አነሣ፤ ደብተሩን መለሰላት፤ በሩ ላይ ግን ቆመ።

«የሚቀጥለው ሐሙስ ነው አይደል?»

«ሐሙስ ነው።»

«አብተውን ይዤው ብመጣስ?»