ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነበረች?

«ፈቀቅ በል እስቲ» አለ ኃላፊው፣ ሹፌሩ ፈቀቅ የሚልበት ቦታ እንደሌለ እያየ።

በቀኙ ግድግዳ ነው። በግራው፣ ለወንበር ቦታ እንዲለቅ ተብሎ ወደ ጥግ የተገፋ ቁም ሳጥን ነበር፤ እሱን ኃላፊው በጉልበቱ ትንሽ ገፋ አደረገና ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። ሹፌሩ እዚያ ጥግ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የሚገባው ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ይመጣል፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ይይዛል፣ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል። እሱም «አሜን» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ከመሪ ኋላ የኖረ ሰው ነው፤ ጎማ በሌለው ነገር ላይ ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጦ አያውቅም።

«የእህትህን ማስታወሻ ደብተር አገኘኸው?» አለ ኃላፊው በጆሮው።

«አልፈለግኩትም ጌታዬ።»

«ፈልገዋ። የቢሮ ንብረት ነው። ዛሬ ከሰዓት ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ይመጣሉ፤ የምስጋና ጽሑፍ አነባለሁ። አንተም ተነስተህ አንድ ሁለት ቃል ትናገራለህ። ያው ስታዞራት የነበርከው አንተ ነህ።»

«እሺ» አለ። በዚህ ጥግ ላይ ከ«አሜን» እና ከ«እሺ» ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

በሩ አጠገብ አክስቱና ጎረቤቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። ዝቅ ያለ ግን የሚሰማ ነው።

«ከአውቶቡስ ወርዳ መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች፣ በዚያው ቀረች። ልቧ ነው አሉ።»

«ከየት ነበር የምትመጣው?»

«ማን ያውቃል! ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠፋለች። እኔ ሰው ይዛለች ነው የምለው።»

«ታዲያ ምን አለበት? ብትነግረን ኖሮ ዛሬ እሱም መጥቶ ቁጭ ይል ነበር» አለች አክስቱ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ሹፌሩም አያውቅም። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተኳርፈዋል። «እህትዓለም፣ በሳምንት አንዲት ቀን እንኳ ምሳ አብረን አንበላም?» ይላታል። «ሥራ አለብኝ።» «ቅዳሜ የምን ሥራ ነው?» «የቀረብኝ ሥራ» ብላ ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች።

በሥራዋ ተቆጣጣሪ ነበረች፣ «ታላቅና ታናሽ» የሚባለው የወጣቶች ፕሮግራም ተቆጣጣሪ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ትምህርቱም ሥራውም ለተወሳሰበበት አንድ ወጣት አንድ ትልቅ ሰው ይመደብለታል፣ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው ያወራሉ፣ ያማክረዋል፣ መንገድ ያሳየዋል። በአካባቢው አስራ ሁለት ከተሞች ውስጥ አስራ ሁለት ፕሮግራሞች አሉ ተብሎ ተመዝግቧል። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሮው «በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ አጣርታችሁ አምጡ» አለ። እሷ መዝጋቢ፣ እሱ ሹፌር ሆነው ሦስት ሳምንት ዞሩ።

በመጀመሪያው ከተማ ሰሌዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ በሩ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ አገር ለቆ ከሄደ ዓመት አልፎታል። በሁለተኛው ክፍሉ የአሮጌ ጎማ መጋዘን ሆኗል። «እህትዓለም፣ ታናናሾቹ እነዚህ ናቸው እንዴ? ሁሉም ንፋስ ነው የጎደላቸው» አላት፤ እስኪያማት ሳቀች። በአምስተኛው ላይ ተመሳሳይ ቀልድ ሞከረ፤ ፈገግ አለች። በዘጠነኛው ላይ እሱም መቀለድ ተወ።

በመጨረሻው ከተማ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠው ነበር። ከተመዘገቡ ስምንት ወራቸው ነው። በየቅዳሜው ይመጣሉ፣ ታላቅ ይመደብላችኋል ይባላሉ፣ ማንም አይመጣም። እሷ ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉ። ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ የእህቱን ጀርባ አየ፤ ብዕሩን ቀስ ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

መኪናው ውስጥ ገብተው ብዙ ከሄዱ በኋላ «ልቆጥራችሁ ነው የመጣሁት ማለት አቃተኝ» አለችው።

ዘገባዋን እንዳየችው ጻፈች። ዘጠኙ ዝግ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ቆመዋል፤ አንዱ ልጆች እንጂ ታላቅ የለውም። ኃላፊው ሦስት ጊዜ መለሰባት። በአራተኛው እሷን ትቶ ሹፌሩን አስጠራ። «ኮንትራትህ በዚህ ወር ያልቃል አይደል? እህትህን ምከራታ» አለው፣ ሳቅ እያለ።

ሄዶ መከራት። «ፈርሚላቸው እህትዓለም። በሮቹን አንቺ አልዘጋሻቸው።» ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የጠረጴዛውን ጥግ በእጅጌዋ ጠረገችና ወረቀቱን አስቀምጣ ፈረመች፤ አስራ ሁለቱም በሥራ ላይ ናቸው። የእሱም ኮንትራት ታደሰ። ስለዚያ ቀን ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥፋት የጀመረችው በሳምንቱ ነው፤ እሱ ግን ሁለቱን ነገር አገናኝቶ አያውቅም።

ከሰዓት ሁለት ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሳና በመስታወት የተለበጠውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። «...በእሷ ያላሰለሰ ክትትል፣ በአካባቢያችን የሚገኙት አስራ ሁለቱም ፕሮግራሞች በሙሉ አቅማቸው...»

«ቆይ ግን!»

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። የትምህርት ቤት ቦርሳ ያነገተች፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ አስራ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቆማለች። መናገሯ ያስደነገጣት ራሷን ነው።

«ቆይ ግን... የኛም ከአስራ ሁለቱ ነው? የኛ ጋ እኮ የምትመጣው እሷ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በአውቶቡስ።»

አክስትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኃላፊው ሳቅ አለ። «ልጅ ናት፣ አትፍረዱባት። የሟቿ ወንድም ያውቃል» አለና ወደ ሹፌሩ ዞረ። «አስራ ሁለቱንም በዓይንህ አይተሃል፣ አይደለም እንዴ?»

ሹፌሩ ተነሳ። ጀርባው ከግድግዳው፣ ጉልበቱ ከኃላፊው ወንበር ጋር ተጣበቀ። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲለማመደው ነው የሰነበተው።

«ዘጠኙ ዝግ ነበሩ» አለ። «ትክክለኛውን ጽፋ ነበር። ውሸቱን ያስፈረምኳት እኔ ነኝ። እንጀራዬ እንዳይቋረጥ ብዬ።»

ኃላፊው ቀስ ብሎ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። «አይዞህ። ሐዘን ነው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

«ሐዘን ነው» አሉ በሩ አጠገብ ያሉት።

«እኔም አባቴ ሲሞት እኔ ነኝ የገደልኩት ስል ነበር» አለ ከዋናው መሥሪያ ቤት ከመጡት አንዱ፣ ከልቡ አዝኖ። «እስኪያልፍ ነው።»

አስቀመጡት። ውሃ ሰጡት። ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ተነበበ፤ መስታወቱንም ጭኑ ላይ አኖሩለት። ኃላፊው ሲወጣ ጎንበስ ብሎ «ሰኞ እንዳትገባ። እረፍ። መኪናውን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለው። ሲያዩት የሚያጽናናው ይመስል ነበር።

ልጅቷ ባዶ በቀረው ወንበር ላይ መጥታ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ጋሼ። ያስቸገርኩ እኔ ነኝ። ‹ቆይ ግን› የሚል ስም ያወጣችልኝም ለዚህ ነው።»

«ምን ትሠራ ነበር እናንተ ጋ?»

«መጀመሪያ ሁላችንንም በአንድ ላይ ታስተምረን ነበር። በኋላ ደንቡ አንድ ለአንድ ነው አለችና በየተራ እየጠራች አስር አስር ደቂቃ ታወራን ጀመር። ለሠላሳ ልጅ! ምሳ አትበላም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የኮሌጅ ማመልከቻዬን አርማልኝ፣ ሦስተኛውን መስመር እንደገና ጻፊው ብላኛለች። ጽፌ ስደውል ነው ስልኩን ያነሱት ሴትዮ መርዶውን የነገሩኝ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ስለ እኛ ነግራዎታለች?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አልነገረችኝም» አለ።

«ስለ እርስዎ ግን ለእኛ ነግራናለች።»

«ምን ብላ?»

«‹እኔ የመጀመሪያ ታናሼን ያገኘሁት በስድስት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ አለቀቅኩትም› ትለን ነበር።»

ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሦስት ቀን ሲፈልገው የነበረው ልቅሶ አሁን መጣ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። ልጅቷ ፊቱን እስኪገልጥ ጠበቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ «ቆይ ግን» አለች፤ «ቅዳሜ ማን ይመጣል?»

«አላውቅም» አለ። ሌላ እውነት አልነበረውም።

አስር ሰዓት ላይ የመጨረሻው አውቶቡስ ይወጣል። ሹፌሩ መስታወቱን ቁም ሳጥኑ ላይ በፊቱ ደፍቶ ተነሳ።

«ሰው እየመጣ የት ትሄዳለህ አንተ ልጅ?» አለች አክስቱ።

«ልሸኛት ነው።»

መናኸሪያው ውስጥ አግዳሚው ባለበት በኩል አላለፉም፤ እሱ ነው አዙሮ የመራት። ልጅቷ መስኮት ጋ ተቀመጠች። እሱ ወደ ፊት ሄዶ የአውቶቡሱን ሹፌር አየው፤ ወጣት ነው፣ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቷል።

«ቀስ ብለህ ንዳ ወንድም።»

«ምነው? ዘመድህን ይዤ ነው?»

«የእህቴ ናት» አለ።

ሞተሩ ተነሳ። መናኸሪያ ያደገ ሰው መኪና ሲሸኝ ቆርቆሮውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፤ ሂድ ማለት ነው። ሹፌሩም እጁን አነሳና መዳፉን አሳረፈ። ግን አልመታውም። እዚያው ለጥፎት ቆመ፤ ቆርቆሮው ሞቃት ነበር፣ ይንቀጠቀጣል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ጥቂት እርምጃ አብሮ ሄደ፣ ከዚያ ቆርቆሮው በራሱ ጊዜ ከመዳፉ ሥር ተንሸራቶ ወጣ።