የከድጃ በርሜል

ገና ባለፈ በማግስቱ መርሳ ከተማ የበዓሏን ጓዝ ከየደጇ ስትጥል ዋለች። የዶሮው ላባ፣ የደረቀው ቄጠማ፣ የሽንኩርቱ ልጣጭ መንገዱን ሞልቶታል፤ ውሾች የበግ አንጀት ይጓተታሉ። ደብሪቱ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋ ይህን ሁሉ ከበሯ ላይ ሆና ትታዘባለች። አዲስ አበባ እህቷ ቤት ከርማ የተመለሰች ናትና ቆሻሻም ወግ እንዳለው አውቃለች። እዚያ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ትርፍራፊው ለብቻ በማዳበሪያ ታስሮ በር ላይ ይቀመጣል፤ የጽዳት ማኅበር መጥቶ ይወስደዋል። እዚህ ግን ሰዉ ጦርነት አለፈብኝ ብሎ አመዱን እንኳ መድፋት ትቷል።

«ጦርነት መጥረጊያ ይከለክላል እንዴ?» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ።

ጎረቤት ማለት ከድጃ ናት። ግቢያቸው አንድ፣ የልብስ ማስጫ ገመዳቸው አንድ ነው። በክረምቱ ተኩሱ ሲቃረብ ደብሪቱ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥላ ስትሸሽ ቁልፏን የሰጠችው ለከድጃ ነበር። «ቤቴን አደራ! መኪናዬን አደራ!» ብላ ነው የሄደችው። መኪና ያለችው የልብስ ስፌት መኪናዋን ነው። ከሟች ባሏ የቀረቻት እሷ ብቻ ናት፤ እንጀራዋም እሷው ናት።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ስትመለስ ቤቷ በታጣቂዎች ተዘርፎ ወና ሆኖ ጠበቃት። አልጋው የለም፣ ቁም ሣጥኑ የለም። የመኪናዋ ጠረጴዛ ተፈልጦ ተማግዷል፤ መኪናዋ የለችም። ከድጃ ቤት ግን ፍራሿ ከነአንሶላው ተነጥፏል! ደብሪቱን ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም። ከድጃ እየሮጠች መጥታ፦

«አልሐምዱሊላህ! በሕይወት መጣሽልኝ ደብሬ! ነይማ፣ ያደራሽን ነገር...» ስትል፣

«አንች ደግሞ አደራ ታውቂያለሽ? አደራ በላ!» ብላ በሩን ፊቷ ላይ ጠረቀመችው።

ከድጃ በማግስቱም መጥታ አንኳኳች። «ደብሬ፣ ወላሂ አንዴ ብቻ ስሚኝ» አለች። ደብሪቱ ከውስጥ ሆና፣ «ለታጣቂ ያሳየሽውን ለኔ ምን ልታሳይኝ ነው?» አለቻት። በገና ዋዜማ የከድጃ ወንድም ግራና ከተማ ሞተና እሷ ወደ ለቅሶ ሄደች። የሰፈር ሴቶች እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ተከትለዋት ሲወጡ ደብሪቱ ዶሮዋን ስትበልት ነበር። ለሌባ ወንድም አላለቅስም አለች። በወሎ ምድር ጎረቤትን ለቅሶ አለመድረስ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አጥታው አይደለም፤ ንቀት ስላሳወራት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ዓይኗ ያረፈው ከሽንት ቤቱ ጀርባ በቆመው የከድጃ በርሜል ላይ ነው። ዝገት የበላው በርሜል አመድ ሞልቶበታል፣ አመዱ ላይ የዶሮ ኩስ፣ ኩሱ ላይ የበሰበሰ የበግ ቆዳ። ዝንቡ እላዩ ይርመሰመሳል። «ሴትነቷን በዚህ እወቁላት!» አለች ደብሪቱ።

ይህን እያለች አቡበከር የሚባለው ልዋጭ በአህያ ጋሪው መጣ። አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ነው። ደብሪቱ የአዲስ አበባ ሥልጣኔዋን ልታሳየው ጠርሙሱን ለብቻ፣ ሃይላንዱን ለብቻ አድርጋ አቀረበች። አቡበከር በልዋጩ አንድ ኩባያ አነሳላት። እሷ ግን የጓጓችው ለቀዩ ሳፋ ነው።

«እትዬ፣ ሳፋ እንኳ በዚህ አይሆንም።»

«ያን በርሜል ጨምርና ውሰድ!»

አቡበከር በርሜሉን ሊያዘነብለው ሞከረና አልቻለም። «ይከብዳል እኮ። ምን አለበት? እዚሁ ልድፋውና ልየው?»

«ደጄ ላይ እንዳትደፋው! ያለበት የከድጃ ግም ነው፤ ሌላ ምን ይኖራታል? ወንዝ ወስደህ ድፋው!»

ሁለት ጎረምሶች ጠርቶ እያለከለኩ ጫኑት። ደብሪቱ ሳፋዋን አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው። ያን ቀን ከእሷ በላይ ብልህ፣ ከእሷ በላይ ንጹሕ ሴት መርሳ ውስጥ አልነበረም።

ከድጃ ከሰልስቱ በኋላ ከግራና ስትመለስ ፊቷ በልቅሶ አብጦ ነበር። ጓዳዋ ሳትገባ ወደ ሽንት ቤቱ ጀርባ ዞረች።

«በርሜሉስ?» አለች።

«ለልዋጭ ሰጠሁት። ደግ አደረግሁ!»

ከድጃ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ያ አላህ! ደብሬ፣ መኪናሽ እኮ እዚያ ውስጥ ናት! ከጠረጴዛው ፈትቼ በቆዳ ጠቅልዬ አመድ የደፋሁባት እኔ ነኝ። ታጣቂዎቹ ቤት ሲፈትሹ እዚህም መጥተው ነበር፤ ግማቱ አባረራቸው። አሁንም ይመለሳሉ እየተባለ ማን ደፍሮ ያወጣል? መጥተሽ በእጅሽ እስክትረከቢኝ ብዬ ነው። ልነግርሽ ስመጣ በር ዘጋሽብኝ!»

ደብሪቱ ነጠላዋን ሳታነሳ ሮጠች። ሰው እየገፋች፣ ባጃጅ እየጮኸባት አቡበከርን አስፋልቱ ዳር አገኘችው።

«አመዱን ወንዝ ደፋሁት» አላት። «አንድ በቆዳ የተጠቀለለ ከባድ ብረት ነበረበት። ሽታው አላስጠጋ ብሎኝ ሳልፈታው ከቁርጥራጩ ጋር ብረት ለሚሰበስበው አይሱዙ አስረከብሁት። ትናንት ወደ አዲስ አበባ ተነሥቷል፤ እዚያ ያቀልጡታል። ግም ነው አላልሽኝም እትዬ?»

እግሯን እየጎተተች ተመለሰች። ከድጃ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ሳፋው አጠገቧ ነው። ደብሪቱ እግሯ ላይ ወድቃ ልትስም ጎንበስ ስትል ከድጃ እግሯን ሰበሰበች። ሳፋውን በጣቷ ጫፍ ወደ ደብሪቱ ገፋችው፤ የሰው ቆሻሻ እንደሚገፋ።

«እኔ ሞኟ ከታጣቂ ነበር የደበቅኋት» አለች። «ካንች መደበቅ እንዳለብኝ ማን በነገረኝ!»