የባሏ አባት ስም

«እሳቱን የለኮሱት ከሩቅ አገር የመጡ ሹማምንት አይደሉም፤ እዚሁ አጥር ለአጥር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው» አለ ደራሲው። ገነቴ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግታ ይህንኑ በከምባትኛ ለአዳራሹ አቀበለች። ድምፅዋ ውጭ በእንጨት ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እየወጣ በዱራሜ መንገድ ላይ ተሰማ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች።

ደራሲው ጓድ ኃይለመለኮት ይባላል። ስለ ብሔረሰቦች ጭቆና የጻፈውን መጽሐፍ በየከተማው እየዞረ የሚያስረዳ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ ንግግር ሲሞቀው ግን ከፊቱ ያለውን ሰው አያይም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሽማግሌዎችን በቀበሌው ቢሮ እያስጠራ ሲጠይቅም ያስተረጎመችለት ይህችው መምህርት ገነቴ ነበረች።

ፊት ለፊቷ፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የባሏ አባት ተቀምጠዋል። ስማቸውን እኛም አንጽፈውም። በአገሩ ደንብ ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ትሸሻለች። እሷ ያላነሣችውን እኛ ብናነሣው ነውር ነው። ሽማግሌው አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። የመጡት የልጃቸው ሚስት በማይክሮፎን ስትናገር አይተው ሊኮሩ ነው።

ባሏ ጴጥሮስ ሰሜን ዘምቶ በቀረ ጊዜ ወንድሞቹ በሚስትነት ሊወርሷት ተነሥተው ነበር። ሽማግሌው በትራቸውን ደጃፉ ላይ አጋድመው «ልጄ ናት። ልጅ አይወረስም» አሉ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ዛሬ ደመወዟን በልታ፣ በሯን ዘግታ በሰላም የምታድረው በዚያ በትር ነው። የወለዳት አባት እንኳ ያን ያህል አልቆመላትም።

«ከነዚያ ሰዎች አንዱ ራሱ ነግሮኛል!» አለ ደራሲው እጁን እያወናጨፈ። «ባላባቱ ሸክላ ሠሪዎቹን ከመሬቴ አንሡልኝ ቢለን፣ ጎሕ ሲቀድ ጎጆአቸውን አቃጠልን አለኝ። በማግሥቱ ብርድ የገደለው ሕፃን መንገድ ዳር ተገኘ። ይኸው ነው የባላባት ሎሌ!»

ገነቴ አስተረጎመች። ምን ታድርግ? ሽማግሌው በትራቸውን የያዘ እጃቸው ሲደርቅ አየች።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በቀበሌው ቢሮ፣ ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጓል፤ ፓስተሩ ታስረዋል፤ ኃጢአታቸውን የሚናዘዙበት ጉባኤ ቢያጡ ለመንገደኛ ተናዘዙ። ገነቴም የባሏ አባት መሆናቸውን ለደራሲው ሳትነግረው ቃላቸውን ብቻ አሻገረች። ከዚያ ወዲህ እሳቸውም አላነሡት፣ እሷም አላነሣችውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን የወጋውም አልረሳም ነበር።

«መምህርት!»

ድምፁ ከበሩ ነው የመጣው። ሸክላ ሠሪዎቹ፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ፣ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመዋል። የተናገረችው ትርፊት ናት። የገነቴ የውኃ እንስራ የትርፊት እጅ ሥራ ነው።

«ያ ሕፃን ወንድሜ ነው» አለች ትርፊት። «እኔ እናቴን ቀሚሷን ይዤ እሮጥ ነበር። ማን እንዳቃጠለን ሳናውቅ ኖርን። ለሁሉም ገንቦ ሸጥን፤ ላቃጠለንም ሸጠን ይሆናል። ማነው? ስሙን ይንገሩኝ።»

ገነቴ ለደራሲው በአማርኛ ነገረችው። ደራሲው ፊቱ በራ።

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ስም በመጽሐፌ አላስገባሁም፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ግን አንቺ ነበርሽ እኮ ያስተረጎምሽው ጓድ ገነቴ። ንገሪያት እንጂ!»

ከጎኑ የተቀመጠው የቀበሌው ሊቀ መንበር ዳኘ ቀና አለ። በዚያ ዘመን በአደባባይ የባላባት ሎሌ የተባለ ሰው ከቀበሌ እስር ቤት መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

«ረስቼዋለሁ» ማለት ይቻላል። ቃሉ አፏ ጫፍ ላይ ደረሰ። ትርፊት ግን አንገቷን አስግጋ የገነቴን ከንፈር ታያለች፤ ገነቴ ያንን ፊት በየገበያው ልታየው ነው። ሽማግሌውም የገነቴን ከንፈር ያያሉ።

«እህቴ» አለቻት ትርፊትን በከምባትኛ፣ «እኔ ስሙን መጥራት አልችልም።»

ምን እንዳለች ያወቀችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አንዲት ያገባች ሴት መጥራት የማትችለው የማንን ስም እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ራሶች አንድ በአንድ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ዞሩ። ልታከብራቸው የያዘችው ደንብ አሳልፎ ሰጣቸው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«ምን አልሻት?» አለ ደራሲው።

«ነገርኳት» አለች ገነቴ።

ሽማግሌው ተነሡ። ወደ ምራታቸው አላዩም፤ ቢያዩዋት ይሻላት ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ሸክላ ሠሪ ባለ ዘር ሲመጣበት ከመንገድ ወጥቶ ያሳልፋል፤ ልማዱ እንዲያ ነው። ትርፊት አልተነቃነቀችም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ታክከው፣ እሳቸው አለፉ።

ዳኘ ለአንዱ ታጣቂ በዓይኑ ምልክት ሰጠው። ታጣቂው ጠመንጃውን አንግቶ ተከትሏቸው ወጣ።

ትርፊት ወደ ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ለቀውት በሄዱት ቦታ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ሴት ፈቀቅ አለችባት።

«ቀጥዪ» አለች ትርፊት። «የቀረውን ልስማ።»

የገነቴ እግር መሮጥ ፈለገ። በበሩ በኩል ዳገቱን የሚወጣው የሽማግሌው ጀርባ ይታያታል። ብትሮጥ ግን ይህች ሴት ግማሹን ብቻ ሰምታ ልትቀር ነው፤ ሽማግሌውም በግማሹ ብቻ ሊፈረድባቸው ነው። የቀረውን ደራሲው «ለታሪክ አይጠቅምም» ብሎ ትቶታል። ገነቴ ማይክሮፎኑን ጨበጠችው።

«መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር አለ» አለች። «ያ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ አለቀሰ። ‹የሕፃኑን እናት ባገኛት እግሯ ላይ እወድቅ ነበር፤ ፈራሁ፤ ስፈራ አረጀሁ› ብሏል።»

ድምፅ ማጉያው ቃሏን ወደ ውጭ አወጣው። ዳገቱ ላይ ሽማግሌው ቆሙ። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

ትርፊት ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር።

«እናቴ ሞታለች» አለች። «እሱ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ሞታለች። ይህንንም ንገሪው። ይስማ።»

«ምን ትላለች?» አለ ደራሲው።

ገነቴ ዓይኗን ከዳገቱ ሳትነቅል ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋችና «አባባ» አለች፣ «እናቲቱ ሞታለች።»