ስድስት ብርጭቆ መረቅ

አባቴ ሆዱን ቀዶ ጥገና ከተደረገ አምስተኛ ቀኑ ነው። ቤት ከገባ ወዲህ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰም። ሐኪሙ ጠዋት ደውሎ፣ «እስከ ማታ አንድ ኩባያ መረቅ ካልጠጣ ይመለስና በቱቦ እንመግበዋለን» አለኝ። አባቴ ደግሞ ከቢላዋው ይልቅ ቱቦውን ይፈራል።

ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ኪሎ የበሬ ቅልጥም በአራት ሊትር ውሃ ጣድኩ። አረፋውን እስኪጠራ ገፈፍኩና እሳቱን ቀነስኩ። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ እርድና ጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጨመርኩ። የጥብስ ቅጠሉን ቶሎ ከገባ ስለሚመር ለመጨረሻው ሰዓት አቆየሁት። በየሰዓቱ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ቀድቼ፣ ሰዓቱን ፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌበት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩ።

አክስቴ የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ቆመች። «ኩሽና ነው ላቦራቶሪ? መረቅም ማስረጃ ይፈልጋል እንዴ?»

«ለውጡን ልይ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ በምላሴ ነው የማየው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ስድስተኛውን ቀዳሁና ምድጃውን አጠፋሁ። ወንፊቱን የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ላይ አድርጌ ድስቱን ገለበጥኩ። የምሠራው አፈር ምርመራ ክፍል ነው። እዚያ የሚፈለገው ወንፊቱ ላይ የቀረው ነው፤ ውሃው ይደፋል። እጄ አሥራ ሁለት ዓመት የለመደውን አደረገ። ከወንፊቱ ሥር ሳህን እንደሌለ ያየሁት ድስቱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

አክስቴ መጀመሪያ አጥንቱን፣ ከዚያ እኔን አየች። «መረቁን ለቧንቧ፣ አጥንቱን ለበሽተኛ! ደግ አደረግሽ!»

«ምን ሆናችሁ?» አለ አባቴ ከመኝታ ቤት።

«ልጅህ መረቁን ደፋችው!»

አባቴ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ልብሴን አዘጋጁልኝ» አለ።

ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ። የሦስት ሰዓቱ ውሃ ይመስላል፤ የሰባቱ ጫፍ ጫፉ መርጋት ጀምሯል። ስድስቱንም ትንሽ ድስት ውስጥ አንድ ላይ አፈላሁና ቀድቼ ወሰድኩለት። ኩባያው አንድ ጣት ጎደለ።

«የስድስት ሰዓት ልፋት ይቺ ናት?»

«ቀሪው ወንዝ ደርሷል» አለች አክስቴ።

«ኧረ አታስቁኝ፣ ስፌቴን!» ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። ሳቁ ሲበርድለት ኩባያውን ተቀበለኝ። ሁለቴ ፉት አለ፤ ቆየ፤ ጨረሰው። «ጨው ያንሰዋል።»

ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «ኩባያውን ጨረሰ?» አለኝ።

«አንድ ጣት ጎድሎ ነበር» አልኩት።

«እሱን እኔ እሞላዋለሁ። ነገም ስጪው።»

ተመልሼ አጥንቱን በሁለት ሊትር ውሃ እንደገና ጣድኩት። አክስቴ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ትልቅ ሳፋ አስቀምጣለች። «መረቁ እስኪጠለል ማንም እንዳያነሳው» አለች፣ እኔን እያየች።