ሰው የሌለበት ኮርቻ

፩

በቅሎዋ ላይ ሰው የለም።

እዚህ ላይ እንስማማ፤ ካልተስማማን ከወዲሁ እንለያይ። በፎቶግራፉ መካከል እንደ በዓል ቀን የተጫነች በቅሎ ቆማለች። ኮርቻዋ ላይ ካባ ተነጥፏል፤ በጎኗ ጎራዴ ተንጠልጥሏል። ዙሪያዋን ሴቶች አፋቸውን ከፍተዋል። ከፊት ራሷን የተላጨች ትንሽ ልጅ አለች።

ሰው ግን የለም።


፪

መግለጫ (ሙዚየሙ እንደ ጻፈው)፦

«የሠርግ ደስታ በገጠር። ሴቶች ሙሽራውን በእልልታ ሲቀበሉ። ሙሽራው ለጊዜው ከበቅሎዋ ወርዷል።»


፫

ለጊዜው።


፬

መግለጫ (መጻፍ የነበረበት)፦

ድሮ ባላባት ሲሞት በቅሎው ተጭና፣ ልብሱና መሣሪያው ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በለቅሶው መካከል ትዞር ነበር። አልቃሹ ባዶውን ኮርቻ እያየ ደረቱን ይደቃል። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም። ላለማወቅ ግን ሳያስፈልግ አይቀርም።


፭

የተላጨችው ልጅ ወይዘሮ ደብሪቱ ናት። ዛሬ አርጅታለች፤ ዓይኗንም ሞራ ጋርዶታል። ሟቹ አባቷ ነው። በሕይወቱ ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም፤ ካሜራ የያዘው መንገደኛ በዚያ መንደር ያለፈው በለቅሶው ቀን ነበር። ደብሪቱ የአባቷን ፊት አታስታውስም። ያላት አባት ኮርቻው ነው።

ሙዚየሙ «ሳቂታዋ አገር፦ የድሮ ኑሮ በፎቶግራፍ» የሚል ዐውደ ርእይ አዘጋጅቶ ከየቤተሰቡ ፎቶ ሲለምን፣ እሷም አውጥታ ሰጠች። ቅዳሜ ይከፈታል፤ የክብር እንግዳ ናት።

ልጇ ዘነበወርቅ የታሪክ መምህርት ነበረች። ቁጣዋ ጡረታ አልወጣም። መግለጫውን አስቀድማ ያየችው እሷ ናት፤ ሐሙስ ዕለት የዳይሬክተሩን በር ሳታንኳኳ ገባች።


፮

ንግግር፦

ዘነበወርቅ፦ ዶክተር ናሁሰናይ፣ ይሄ ለቅሶ ነው።

ዶክተሩ፦ እትዬ ዘነበወርቅ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ እንጂ።

ዘነበወርቅ፦ ሠርግ ነው ካላችሁ ልጨፍር እንጂ ምን አስቀመጠኝ?

ዶክተሩ፦ አፋቸውን ልብ ብለው ይዩት። እልልታ እኮ ነው።

ዘነበወርቅ፦ እርስዎ ጥርስዎን ሲነቀሉ አፍዎን አይከፍቱም?

ዶክተሩ፦ ልጅቷስ? ሐዘን ላይ ልጅ ከፊት ያቆማሉ?

ዘነበወርቅ፦ ልጅቷ እናቴ ናት። አባቷ ሞቶ ነው የላጯት።

ዶክተሩ፦ እንዴ... እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

ዘነበወርቅ፦ ዘገዩ ዶክተር። ሙት ዓመቱም አልፏል።

ዶክተሩ፦ መግለጫውን አስነሣለሁ። ግን ይረዱኝ፤ የዐውደ ርእዩ መንፈስ ደስታ ነው። ደጋፊዎቻችን ገንዘብ የሰጡት ለለቅሶ አይደለም። በዚያ ላይ ፖስተሩ ታትሞ አሁን እየተሰቀለ ነው።

ዘነበወርቅ፦ የምን ፖስተር?


፯

ለአንባቢ መመሪያ፦

ከቢሮው ውጣ። ግቢውን አቋርጥ። ዋናው በር ጋ ስትደርስ ቀና በል።

አየኸው?

ባዶው ኮርቻ «ለዓይን ይጎረብጣል»* ብለው በኮምፒውተር ሰው አስቀመጡበት። ነጭ የለበሰ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ ጥርሱ እንደ በቆሎ የተሰደረ ሙሽራ። ፊቱን ከየት አመጡት? ከየትም። ማሽን ሠራው። ከማንም ያልተወለደ ሰው የሟች ኮርቻ ላይ ወጥቶ ይገለፍጣል፤ ሴቶቹ ዙሪያውን ያለቅሱለታል፤ ከላይ በትልቁ «እልል በሉ» ተብሎ ተጽፏል።

* ባዶ የተደረገው እንዲጎረብጥ ነው።


፰

ሌባ እንኳ ለቅሶ ቤት ሲገባ ያጎነብሳል። እነዚህ የተማሩ ናቸው፤ የሕዝብ እንባ ሲያዩ «ብርሃኑ ጥሩ ነው» ይላሉ። ያለፈውን ዘመን የሚወዱት አፍ ስለሌለው ነው። አፍ ያለው ሲመጣ ወንበር ይስቡለታል።


፱

ዓርብ፣ እቤት።

«እማዬ፣ ነገ ይቅርብሽ።»

«ለምን ሲባል? አባቴን አገር ሊያየው እኮ ነው።»

«አበላሽተውታል።»

«የሌለ ሰው ምኑ ይበላሻል?»

«እማዬ ሙች፣ ስሚኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ከሰው ተጣልተሽ መጥተሽ በኔ አትወጪው። ቀሚሴን ተኩሽልኝ።»

ሹም ፊት የማይዘጋው የዘነበወርቅ አፍ እናቷ ፊት ተዘጋ። ስለ ፖስተሩ አልነገረቻትም። በጓሮ በር አስገባታለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እውነተኛውን ፎቶ አሳይቼ በዚያው እመልሳታለሁ አለች በልቧ። ቀሚሱን ተኮሰች።


፲

የጓሮው በር ተቆልፏል።

«የክብር እንግዳ በዋናው ነው እናቴ» አለ ዘበኛው፤ ደግ ሰው ነው፤ ክንዷን ደግፎ ወሰዳት።

ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የመጣችው፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ፖስተሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። በሞራው ውስጥ በቅሎዋን ለየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ።

«ዘነቡ።»

«አቤት እማዬ።»

«ሰው አለበት።»

«እንግባ እማዬ» አለች ዘነበወርቅ።

«ሌላ ፎቶ አገኙለት እንዴ?» አለች እናቷ። ክንዷን ከዘበኛው አስለቅቃ ተጠጋች። «ጥርሱን እይልኝ። አፍንጫውስ፣ የኔን አፍንጫ አይመስልም?»

ዶክተር ናሁሰናይ ሊቀበላቸው እጁን ዘርግቶ እየመጣ ነበር። ይህን ሲሰማ እጁን ሰበሰበ። ዘነበወርቅ ዞራ አየችው። ከሐሙስ የተረፋት ስድብ ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ እውነቱም ከስድቡ ጋር አብሮ ነበር፤ አንዱን ሳያወጡ ሌላውን ማውጣት አይቻልም።

ደብሪቱ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ እግሯ መለሰችው፤ ለደስታ እንደሚለበሰው።


፲፩

ንግግር፦

ደብሪቱ፦ ንገሪኝ እንጂ ልጄ። አባቴ ነው?

ዘነበወርቅ፦