የጉብኝት ቀን በሽተኛ

ባሌ አበጋዝ ለመታመም ቀን መምረጥ አያውቅም። ወባው የጣለው እነዚያ የበላይ አካል የሚባሉት ጤና ጣቢያችንን ሊጎበኙ በመጡበት ማለዳ ነው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ይቃዣል። ጎረቤቶቼ በቃሬዛ አደረሱልኝ። ኃላፊው ኦቦ ገቢሳ አዲስ ጋዋን ደርቦ በሩን ዘግቶ ቆሟል።

«አዴ የሺአረግ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ዛሬ በሽተኛ አንቀበልም፤ እንግዳ አለብን።»

«ጤና ጣቢያ በሽተኛ ካልተቀበለ ማንን ሊቀበል ነው? ሙሽራ?»

«አንሶላው አዲስ ነው፤ ይቆሽሻል።»

ደሜ ፈላ። ነቀምቴ እንዳልወስደው ለእንግዶቹ መንገድ ይለቀቅ ተብሎ ባጃጅ ታግዷል። በመስኮት ሳይ ደግሞ ስንት ጊዜ «የለም» ያሉን የወባ መርፌ በካርቶን ሙሉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ነርሷ ዱረቲ ጠጋ ብላ «የእኛ አይደለም፤ ከጉብኝቱ ጋር የሚዞር ነው። ነገ ሌላ ከተማ ይታያል» አለችኝ። ጉድ በል ወለጋ!

እንግዶቹ መጡ። ዋናው ሰውዬ አልጋዎቹን አየ፣ መደርደሪያውን አየ፣ ደስ አለው። ካሜራ ያነገተው ግን «በሽተኛ የሌለበት ፎቶ ምን ያደርጋል?» አለ። ገቢሳን ላብ አጠመቀው። በሽተኛውን ሁሉ ጠዋት አባሮ ጨርሷል። እየሮጠ ወደ እኔ መጣ።

«አዴ፣ አበጋዝ አሁንም እንዳመመው ነው?»

«እግዜር ይመስገን፣ ብሶበታል!»

«እንግዲያው ይግባ፤ ለፎቶ ብቻ።»

«ሳይወጋማ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ ከካርቶኑ!»

ወዲያ ወዲህ አለና እጅ ሰጠ። ዱረቲ ወጋችው። ሰውዬው የአበጋዝን እጅ ጨብጦ ፎቶ ተነሳ። አበጋዝ በቅዠቱ ሰውዬው የሞተው በሬያችን መስሎት «ቦራ፣ ተመለስክልኝ?» አለው። ሰውዬው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» አለው።

እንግዶቹ ሲወጡ ካርቶኑም ወጣ። ዱረቲን እጇን ያዝኳት።

«በቃው?»

«የት በቃው! ማታ አንድ፣ ነገ ጠዋት አንድ ይቀረዋል። ካቋረጠ አደጋ ነው።»

እንባዬ መጣ። ግማሹን አድነው ግማሹን ሊገድሉብኝ ነው? ካርቶኑን የጫነው ፒክአፕ ሳይነሳ አበጋዝን ከነአንሶላው ለጎረቤቶቼ አሸክሜ ኋላው ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ «ውረጂ!» ቢል «መድኃኒቱን አውርድና እወርዳለሁ» አልኩት፤ እያጉረመረመ ነዳው። ገቢሳ «አንሶላዬን!» እያለ ተከተለን፤ ማን ሰምቶት።

በደረስንበት ከተማ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ስታየን እልል ለማለት ምንም አልቀራት። እሷም በሽተኞቿን አባራ ለፎቶ ሰው አጥታ ነበር። ማታውኑ አስወጋችልኝ፤ ጠዋት ደግሞ እንግዶቹ ፊት አስወጋችው። አበጋዝ ትኩሳቱ ለቆት፣ ራበኝ ብሎ ገንፎ ይዟል። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ዋናው ሰውዬ አልጋው ዘንድ ሲደርስ ቆመ፤ አየው፣ ደግሞ አየው።

«አንተ ትናንት እዚያኛው ጤና ጣቢያ አልነበርክም? እዚህ ምን አመጣህ?»

ኃላፊዋ ክው አለች። አበጋዝ ማንኪያውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን ምን አስፈራኝ?

«ጌታዬ፣ እናንተ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ እኛም በሽታችንን ይዘን ተከተልን።»